በሰው ክንድ የተለካው አልጋ

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ዛሬ ስለ ጀርባዬ ልመሰክርላችሁ ነው የመጣሁት። ስለ ጀርባ ደግሞ ምን ምስክርነት አለ እንዳትሉኝ፤ ታገሡኝና ስሙኝ። ባለፈው እሁድ ዕድሉ ተሰጥቶኝ ከፊታችሁ ስቆም እንባ ቀደመኝና ሁለት ቃል ሳልናገር ተመልሼ ተቀመጥኩ። እህቶች፣ "የሺ፣ ጽፈሽው ነይ፤ ሲጽፉት አያስለቅስም" አሉኝ። ተሳስተዋል፤ ሲጽፉትም ያስለቅሳል። ግን ይኸው ወረቀቱ ደርሷል። የጌታ ስም ይባረክ።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ የምቀመጠው ረጅሟ ሴት ነኝ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ በቁመት የምትበልጠኝ ሴት እስካሁን አላጋጠመችኝም፤ ወንድም ቢሆን ብዙ አይደለም። ይህን ዛሬ እየሳቅሁ እጽፈዋለሁ። ያኔ ቢሆን ኖሮ ግን "ረጅም" የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም ነበር።

የተወለድኩት አምባሰል ነው፣ ከውጫሌ በላይ። በአሥራ ሁለት ዓመቴ አባቴን በቁመት በለጥኩት። ውሃ ልንቀዳ ስንሄድ ሴቶቹ ልጆች፣ "የሺ፣ እስቲ ወደ ላይ እይልን፣ ዝናቡ የት ደርሷል?" ይሉኛል። ወንዶቹ "መሰላሏ መጣች" ይላሉ። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ቆሜ እንዳልቀርባት ነበር ፍርሃቷ። ጠዋትም ማታም አንድ ምክር ነበራት፤ "ጎንበስ በይ፣ ልጄ። ትከሻሽን ሰብሰብ አድርጊው። ሰው ሲመጣ ቁጭ በይ።"

አንድ ቀን ሽማግሌዎች ሊጠይቁኝ መጡ። የልጁ አክስትም አብራ መጥታለች። እኔ እንደተነገረኝ ጥግ ላይ ኩርምት ብዬ ተቀምጫለሁ።

"ልጅቷ ለምን አትቆምም? እግሯን ያማታል እንዴ?" አለች አክስትየዋ።

"ደህና ናት፤ ትሕትናዋ ነው" አለች እናቴ።

"እስቲ ትሑቷ፣ ቁሚልኝ።"

ቆምኩ። ወገኖቼ፣ ቆሜ አላልቅ አልኩ። አክስትየዋ አንገቷን ወደ ኋላ ቀልብሳ ካየችኝ በኋላ ነጠላዋን አስተካከለችና፣ "በሉ እንነሳ፤ ልጃችን ይህችን ለመሳም ዛፍ ላይ መውጣት ሊኖርበት ነው" አለች። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። አባቴም ሳቀ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ "ጎንበስ በይ" ማለት አላስፈለጋትም። እኔው ጎነበስኩ።

ቁመቴ የሚፈለግበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ገበያ። ጎረቤታችን እትዬ ዘሐራ ውጫሌ ገበያ ጋቢ ልትገዛ ስትሄድ እኔን ይዛ ትሄዳለች። ያኔ ሸማኔ የሚሸጠው በክንድ ነው፤ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ። ገዢ የፈለገውን ሰው አምጥቶ ማስለካት ይችላል። እትዬ ዘሐራ የእኔን ክንድ ነበር የምታመጣው። ሸማኔው ገና ከሩቅ ሲያየን ጨርቁን ማጠፍ ይጀምራል።

"አይሆንም፣ እትዬ ዘሐራ። ይቺን ልጅ አውቃታለሁ። ባለፈው ገበያ አራቁታኝ ነው የሄደችው።"

"በክንድ አይደለም እንዴ የምትሸጠው? ይኸው ክንድ።"

"ይሄ ክንድ ነው? ይሄ ቀንበር ነው እንጂ።"

"የሰው ክንድ ነው። አላህ ነው የሰጣት፣ እኔ አልቀጠልኩላት።"

"እሺ፣ ግማሹን በእሷ፣ ግማሹን በአንቺ።"

"ወላሂ ግማሽ አልልም። ለኪ፣ የሽዬ።"

እለካለሁ። ያን ጊዜ ብቻ እጄን እስከ መጨረሻው እዘረጋለሁ። ስንመለስ እትዬ ዘሐራ መንገዱን ታሪክ ታወራልኛለች፤ እኔ ታሪክ መውደድ የተማርኩት ከእሷ ነው። ከሁሉ የምወደው የዑጅን ነው። ድሮ ድሮ ዑጅ የሚባል ሰው ነበር አሉ፤ የጥፋት ውሃው ዓለሙን ሲያሰጥም ለእሱ ጉልበቱ ድረስ ብቻ ነው የደረሰው። እጁን ባሕር ውስጥ ሰዶ ዓሣ ያወጣል፤ ወደ ላይ ዘርግቶ ፀሐይ ላይ ይጠብሰዋል። "የሐይቁ ውሃ ለእሱ የእግር መታጠቢያ ነው" ትለኛለች። እኔም በልቤ፣ ይሄን ሰውዬ ባገኘሁት፣ አብሬው ብቆም ጎንበስ ማለት ባልኖረብኝ ነበር እላለሁ። የዑጅ ነገር እንዲህ ነበር የሚያስደንቀኝ፤ ሰው እንዲያ ሆኖም ሰው መባሉ።

በኋላ ይመርን አገባሁ። ይመር አጭር ነው፤ ይቅር ይበለኝ፣ እሱም ያውቀዋል። ጓደኞቹ "ይመር ጣሪያ ሊያድስ ነው፣ መሰላል አገባ" ብለው ሲያፌዙበት "ጣሪያ ያለው ሰው ነው መሰላል የሚያገባው" ይላቸዋል። ደግ ሰው ነው። ሐይቅ ወርደን ባጃጅ መንዳት ጀመረ። እኔ ግን ባጃጁ ውስጥ ስገባ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልዬ ነው። እትዬ ዘሐራም ልጇን ተከትላ ሐይቅ መጣች፤ እንደገና ጎረቤት ሆንን። እግዚአብሔር ልጅ ሰጠን፤ ሰላም አልናት።

እንግዲህ ወገኖች፣ ሰላም ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት በአንድ ክረምት ቀሚሷ ሁሉ ከጉልበቷ በላይ ቀረ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመጣ ከጓደኞቿ በላይ ጎልታ አየኋትና ሳላስበው ከአፌ ወጣ፤ "ጎንበስ በይ፣ ልጄ።"

ድምፁ የእናቴ ነበር። ልጄም ታዛዥ ናት፤ ጎንበስ አለች።

ያን ጊዜ የእኔ ጀርባ ሞቶ ነበር ማለት ይቻላል። ሠላሳ ዓመት ያህል ስታጎነብሱት ጀርባም ይለምደዋል። ቀና ልበል ብልም እንቢ አለኝ። ሽንኩርት ስከትፍ ያመኛል፣ ስተኛ ያመኛል፤ አልጋው ደግሞ ያጥርብኛል፣ እግሬን አጥፌ ነው የማድረው። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ የጀርባዬን የራጅ ፎቶ መስኮት ላይ ይዞ አየና፣ "እህቴ፣ አጥንትሽ ደህና ነው። ማነው ያጎነበሰሽ?" አለኝ።

ሰላም አጠገቤ ተቀምጣለች። ሐኪሙ በእስክሪብቶው ወደ እሷ አመለከተ።

"እሷንም ያማታል?"

"ኧረ ምንም አያማት።"

"ታዲያ ለምንድነው እንደ አንቺ የምትቀመጠው?"

ዞሬ አየኋት። የእኔ ትከሻ በልጄ ላይ ተቀምጧል። አገጯ ደረቷ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ሐኪሙ ክኒን ጻፈልኝ፣ እንቅስቃሴም አሳየኝ፣ "ቀና ማለት ካልተለማመድሽ ግን በዚሁ ትቀሪያለሽ" አለኝ። እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ትቀራላችሁ ያለን መሰለኝ።

ለውጥ መጣ የተባለበት ጊዜ ነበር። ሬዲዮው ሁሉ ይቅርታና ፍቅር ያወራል፤ የማይተዋወቅ ሰው መንገድ ላይ ይተቃቀፋል። እህት አስቴር፣ ያቺ አብራችሁ የምታገለግለው፣ ጎረቤቴ ነበረች። "የሺ፣ ጌታ ይፈውሳል፤ ነይ አብረን እንሂድ" አለችኝ። የቆርቆሮ አዳራሹ ገና ተሠርቶ ነበር። መጣሁ፤ ከኋላ ተቀመጥኩ። ልቤ ክፍት ነበር።

የዚያ ቀን ሰባኪ፣ በፍቅር ነው የምለው፣ ስለ ረጃጅሞቹ ሕዝቦች ሰበከ። የዔናቅ ልጆች፣ ራፋይም፣ የባሳን ንጉሥ ዐግ። "ረጅሙ ይወድቃል" ይላል፤ ጉባኤው "አሜን" ይላል። "የቱንም ያህል ይርዘም፣ ጌታ ይጥለዋል" ይላል፤ "አሜን።" እናንተ ስለ ችግራችሁ ነበር አሜን የምትሉት፤ ያ ዛሬ ይገባኛል። ያኔ ግን አልገባኝም። በአሜን ቁጥር እየወረድኩ ሄድኩ፤ በመጨረሻ አገጬ ጉልበቴ ላይ ነበር። በልቤ ያልኩት ይህ ነው፤ እግዚአብሔር ረጃጅሞችን አይወድም ማለት ነው። ሰዉ ብቻ ነበር የመሰለኝ፤ ለካ እሱም ነው። ለእኔ የመጣው ነገር ዐግ ላይ የመጣው ነው ብዬ ወጣሁ። እህት አስቴር ደጋግማ ጠራችኝ፤ ሁለት ዓመት እግሬን አላነሳሁም። ምክንያቴን ለማንም አልተናገርኩም። ማን ብሎ ይናገራል?

በመካከሉ አንበጣው መጣ። ታስታውሱታላችሁ። እትዬ ዘሐራ አምባሰል የቀረ ማሽላ ነበራት፤ ጣሳ እየደበደብን፣ ጨርቅ እያውለበለብን ዋልን። "የሽዬ፣ አንቺ ከፍ ካለው ላይ አራግፊ" እያለችኝ። ዋለና ምን ቀረ? አገዳው። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ።

ውጊያው ወደ እኛ እየቀረበ ሲመጣ ይመር ሰላምንና አሮጊት እናቱን ባጃጁ ላይ ጫነ። ለእኔም ቦታ ነበር፤ ግን ያን ቀን ጀርባዬ ታጥፎ መግባት እንቢ አለ። ሞከርኩ፤ ጮህኩ፤ ወጣሁ። "እነሱን ደሴ አድርሼ እመለሳለሁ። ከኋላ ትተኛለሽ፣ ብቻሽን እወስድሻለሁ" አለኝ ይመር። ሰላም በባጃጁ ቀዳዳ አየችኝ፤ ተጎንብሳ። ሄዱ። መንገዱ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ስልክ የለም፣ መብራት የለም፣ ወሬ የለም። ልጄ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። እህት አስቴርም ስትሸሽ ቁልፏን ሰጥታኝ ነበር፤ "ቤቴንም ዶሮዎቼንም አደራ" ብላ። ቤቷ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ፣ በውሃው በኩል ስለሆነ ይሻላል ብለን እኔና እትዬ ዘሐራ እዚያ ገባን። እትዬ ዘሐራ ጉልበቷ እንቢ ስላላት ከልጇ ጋር አልሸሸችም። ሽምብራ እየቆላን፣ የደረቀ ዓሣ እየቀቀልን ቆየን። እሷ በሶላቷ፣ እኔ በዝምታዬ። ሳለቅስ "አብሽሪ፣ ልጄ፣ አብሽሪ" ትለኛለች።

በእህት አስቴር መደርደሪያ ላይ ቅዱስ ቃሉ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት በታናሽ ወንድሜ ደብተር ነው። ጣቴን ከሥር እያስኬድኩ ነው የማነበው። አውርጄ ያዝኩት። ለጸሎት አልነበረም፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ረጃጅሞቹ እንዴት እንደሞቱ ላነብ ነው። የዘመድ መርዶ እንደሚሰማ ሰው አንድ በአንድ ልፈልጋቸው።

በቀን፣ በመስኮቱ ብርሃን፣ ለእትዬ ዘሐራ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ሙሴ ምድሪቱን እንዲያዩ አሥራ ሁለት ሰዎች ሲልክ ደረስን። ተመልሰው መጥተው አሥሩ፣ በዚያ ያየናቸው ረጃጅሞች ናቸው፣ እኛ በገዛ ዓይናችን እንደ አንበጣ ሆንን ሲሉ አነበብኩላት።

"እንደ አንበጣ?" አለች እትዬ ዘሐራ። "ታዲያ ምን ጎደላቸው? ይግቡና ይብሉዋ።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"አንበጣ አይደለም እንዴ ማሽላዬን በአንድ ቀን የጨረሰው? እኔ እንደ አንበጣ ብሆን ይሄን ጊዜ ማንን እፈራ ነበር።"

ልጄ ከሄደች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። "አይደለም፣ እትዬ፤ ትንሽ ነን ማለታቸው ነው።"

"ማነው ትንሽ ናችሁ ያላቸው? ረጃጅሞቹ?"

"ይመስለኛል።"

"ይመስለኛል አይደለም። ፈልጊው።"

ጣቴን ወደ ላይ መለስኩ። አንዴ አነበብኩ፣ ሁለተኛ አነበብኩ። ወገኖች፣ ረጃጅሞቹ አንድ ቃል አልተናገሩም። ማንንም አልሰደቡም፤ ማንንም ትንሽ አላሉም። እነዚያ አሥሩ ሰዎች ናቸው ራሳቸውን በገዛ ዓይናቸው ያሳነሱት። እግዚአብሔርም ያዘነው በእነሱ ነው።

"ማንም አላላቸውም" አልኳት። "ራሳቸው ናቸው።"

"ሱብሃነላህ" አለች እትዬ ዘሐራ፤ ጉልበቷን ማሸቷን ቀጠለች። እኔ ግን መጽሐፉን ዘጋሁት። ደነገጥኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ራሴን ከረጃጅሞቹ ጋር ቆጥሬ ነበር፤ ለካ እኔ ከአሥሩ ሰላዮች ነኝ። የጎነበሱት እነሱ ናቸው። ልጆቻቸውንም አርባ ዓመት በምድረ በዳ ያንከራተቱት እነሱ ናቸው። ይህ ቃል ልቤን ወጋው፤ በባጃጁ ቀዳዳ ያየችኝ ልጄ ፊቷ መጣብኝ።

በማግሥቱ ቀጠልኩ። አሁን በሌላ ዓይን ነው የማነበው። ኤሚማውያን፣ ዘምዙማውያን የሚባሉ ሕዝቦች ነበሩ፤ ታላቅና ብዙ፣ ረጃጅምም ሕዝብ እንደነበሩ ቃሉ ራሱ ይመሰክርላቸዋል። በስድብ አይደለም፤ በክብር ነው የሚያነሳቸው። ከዐግ በፊት ሴዎን የሚባል ንጉሥም ወድቋል፤ የሱ ቁመት ግን አልተነገረም። እንግዲያውስ የጣላቸው ቁመታቸው አይደለም አልኩ። ከዚያ አልጋው መጣ።

ዐግ ከሞተ በኋላ አልጋው በአሞናውያን ከተማ ውስጥ ቀርቶ ነበር። የብረት አልጋ፤ ርዝመቱ ዘጠኝ ክንድ፣ ወርዱ አራት ክንድ።

"ዐግ?" አለች እትዬ ዘሐራ ቀና ብላ። "ዑጅ ነዋ! የኔው ዑጅ። እናንተም ጋ አለ?"

"እሱ ይሆን?"

"ሌላ ማን የብረት አልጋ ያስፈልገዋል? ለመሆኑ ያኔ ብየዳ ነበር?" ትንሽ አሰበችና፣ "ዘጠኝ ክንድ ያልሽው በማን ክንድ ነው? በአንቺ ከሆነ ሌላ ነው" አለች። የሸማኔውን ክርክር የተማረች ሴት ናት።

ጣቴን አስኬድኩ። እዚያው ተጽፏል፤ በሰው ክንድ ልክ። የተራ ሰው ክንድ ማለት ነው።

"እንግዲያው በእኔ ይለካ" አለች።

ቤቱ አልበቃንም። ወደ ጓሮ ወጣን፤ በቅንጭብ የታጠረ ነው። እሷ በአንድ እጇ በትሯን ይዛ፣ በሌላው ክንዷን መሬት ላይ እያሳረፈች ትለካለች፤ እኔ አመድ እየነሰነስኩ አሰምራለሁ። ዶሮዎቹ ደግሞ ከኋላችን ያበላሹታል። ስድስተኛው ክንድ ላይ ስንደርስ ከአጥሩ ወዲያ ጠብመንጃ የያዘ ሰው ቆሞ አየን።

"ምንድነው የምትሠሩት?"

እኔ የያዝኩትን አመድ ጥዬ ብድግ አልኩ። እትዬ ዘሐራ ግን ከተንበረከከችበት ሳትነሳ፣ "አልጋ እየለካን ነው፣ ልጄ" አለችው።

"የማን አልጋ?"

"የንጉሥ።"

ሰውየው አመዱን አየ፣ ዶሮዎቹን አየ፣ እኔን ከታች እስከ ላይ አየ። ከዚያ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። "አላህ አእምሮ ይስጣችሁ አለ በልቡ" አለች እትዬ ዘሐራ፤ "ሰባት፣ ቀጥዪ።"

ሲያልቅ ቆመን አየነው። ወገኖች፣ ትልቅ ነው። ሁለት እኔን ያስተኛል። አደነቅሁት። አልጋውን የሠራው ብረት ቀጥቃጭ ማን ነበር? ንጉሡን ጎንበስ በል አላለውም፤ ልኩን ወስዶ ሠራለት እንጂ።

"ግቢበት እስቲ" አለች እትዬ ዘሐራ።

ገባሁበት፤ መሬቱ ላይ በጀርባዬ ተጋደምኩ። በልማዴ ጉልበቴን አጠፍኩ። "ለምን ታጥፊዋለሽ? ቦታ አለ እኮ" አለችኝ። ዘረጋሁት። እግሬ ጫፍ አልነካም። እጄን ወደ ላይ ሰደድኩ፤ እዚያም ጫፍ የለም። በሕይወቴ ሙሉ አልጋ በልጦኝ አያውቅም። እናቷ አልጋ ላይ እንደወጣች ሕፃን ልጅ ሆንኩ። ሳላጎነብስ ትንሽ ሆንኩ። ያን ጊዜ ነው ልቤ የተከፈተው። የሞተ የጠላት ንጉሥ አልጋ ነው፤ ሙሴ ሊያቃጥለው፣ ሊረሳው ይችል ነበር። እግዚአብሔር ግን ልኩን አስጻፈው፤ በሰው ክንድ፣ ማንም በጓሮው ሊለካው በሚችለው ክንድ። ረዘመ አላለም። በዛ አላለም። ዘጠኝ ነው ያለው። የዐግን ልክ የሚያውቅ አምላክ የእኔን አያውቅም? ያረዘመኝ ማን ሆነና?

ሰማዩን እያየሁ ጸለይኩ። እንዴት እንደሚጸለይ አላውቅም ነበር። "ጌታ ሆይ፣ አንተ የለካኸውን እኔ አሳጠርኩት። የልጄንም አሳጠርኩ። ይቅር በለኝ። ስለ እኔ በመስቀል ላይ እጅህን የዘረጋህልኝ ሆይ፣ እኔም እጄን ዘርግቼልሃለሁ፣ ውሰደኝ" አልኩት። እንባዬ በጆሮዬ በኩል ወደ አመዱ ወረደ። ጀርባዬ ውስጥ አንድ ነገር ሞቀኝ፤ ከዚያ እንደ ተፈታ ገመድ ላላ። ለምን ያህል ጊዜ እንደተጋደምኩ አላውቅም። እትዬ ዘሐራ አጠገቤ ቁጭ ብላለች፤ ከንፈሯ ዱዓ ያደርጋል። ስነሳ ስነሳ ዓይኗ ተከተለኝ። "የሽዬ" አለች፤ "ይህን ያህል እንደሆንሽ እኔም ረስቼው ነበር።"

ክብር ሁሉ ለጌታ ይሁን። በየቀኑ እዚያ አመድ ላይ ተጋደምኩ፤ ሐኪሙ ያሳየኝንም እንቅስቃሴ እዚያው ሠራሁ። በኋላ ሐኪሙ ሲያየኝ፣ "መሬት ላይ መተኛት ለጀርባ ጥሩ ነው" ብሎ ሳቀ። ይበል። እኔ የተኛሁት የት እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬም ብርድ ሲሆን ጠዋት ጠዋት ይቆረጥመኛል፤ አልደብቃችሁም። ግን ቀና ብዬ ይቆረጥመኛል።

መንገዱ ሲከፈት ሰዉ ከደብረ ብርሃን፣ ከየመጠለያው እየተመለሰ መጣ። እኔ በየቀኑ መንገድ ዳር ቆሜ እውላለሁ። ቁመቴ ያን ጊዜ ጠቀመኝ፤ ከሰዉ ሁሉ በላይ አያለሁ። አንድ ቀን ይመርን አየሁት፤ ከስቶ፣ ባጃጁን አጥቶ፣ እናቱን በክንዱ ደግፎ በእግሩ ይመጣል። ከኋላው ሰላም። በእነዚያ ጥቂት ወራት ከአባቷ ትከሻ በላይ ሆናለች፤ አንገቷ ግን መሬት ይፈልጋል።

ቀና ብላ አየችኝ። አላወቀችኝም። ከዚያ አወቀችኝ።

"እማ፣ ረዘምሽ።"

"አልረዘምኩም፣ ልጄ። ልኬ ይኸው ነው።"

"ጀርባሽስ?"

"ጌታ ዳሰሰው።" ከዚያ እናት ለልጇ እምብዛም የማትለውን አልኳት። "ጎንበስ በይ ያልኩሽ ልክ አልነበርኩም። ይቅር በይኝ።"

አቅፋኝ ቆየች። ይመር "አሁን በቃ፤ በሁለት ረጃጅሞች መካከል ፀሐይ አላገኝም" አለ፤ ሳቅን፤ አለቀስን። ቤታችን ስንደርስ ሰላም ቀድማን ገባች፤ ወዲያው ጓ የሚል ድምፅ ሰማን። ግንባሯን ጉበኑ መትቷታል። ያቺ ልጅ በዚያ በር ስንቴ ገብታለች፣ መትቷት አያውቅም። ቀና ብላ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። ግንባሯን ይዛ እየሳቀች፣ "አባ፣ በሩ አጭር ነው" አለች። ይመር መጋዝ ተውሶ መጣና በሳምንቱ በሩን ከፍ አደረገው።

ወገኖች፣ እህት አስቴር ተመልሳ ስትመጣ ጌታን መቀበሌን ነገርኳት፤ ሐይቁ ውስጥ ተጠመቅሁ። አጥማቂው "ትንሽ ጠለቅ ብለን እንግባ፣ እህቴ" አለኝ፤ ሄድን፣ ሄድን፣ እሱ ደረቱ ድረስ ሲሰጥም ለእኔ ገና ወገቤ ነበር። እትዬ ዘሐራ ዳር ቆማ ታየናለች፤ እሷ በእምነቷ ናት፣ እኔም በእሷ ፍቅር አለሁ፤ ልጅ ለእናት እንደሚጸልይ እጸልይላታለሁ። ቃሉንም ማንበቤን አላቆምኩም፤ ካልፈሩት ከሁለቱ ሰላዮች አንዱ ካሌብ ሰማንያ አምስት ዓመቱ ላይ ረጃጅሞቹ ያሉበትን ተራራ ስጠኝ ሲል ስደርስ እትዬ ዘሐራ፣ "ለእኔ ጉልበቱን ቢያበድረኝ" አለች።

አሁን ልጨርስ። ጌታዬን አመሰግናለሁ። ልጄን መልሶ ሰጥቶኛል፤ ጀርባዬን ሰጥቶኛል፤ እናንተን ወገን አድርጎ ሰጥቶኛል። ፊቱ እንበረከካለሁ፤ መንበርከክ ግን ከማጎንበስ ይለያል፤ የተንበረከከ ሰው ጀርባው ቀጥ ብሎ መንበርከክ ይችላል። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ከኋላ ተቀምጠሽ፣ በቁመትሽ ይሁን፣ በድህነትሽ፣ በደረሰብሽ ነገር፣ እግዚአብሔር እኔን አይፈልገኝም ብለሽ አገጭሽን ደረትሽ ላይ የጣልሽ እህት ካለሽ፣ አንተ ወንድሜም እንዲሁ፣ የሠራሽ ልክሽን ያውቀዋልና እመኚው። ከጉባኤው በኋላ እኔ በሩ አጠገብ እቆማለሁ። ነይ፤ አብረን እንጸልይ። ከሩቅ ታዪኛለሽ።